የአንዲት እናት ቃል ከጽሑፌ እንዲሰረዝልኝ

ቀን፦ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኮሌጁ የምርምርና ኅትመት ጽ/ቤት ኃላፊ
ለክቡር ዶ/ር ዐብዱልቃድር
ጅግጅጋ

ጉዳዩ፦ በጥናት ጽሑፌ የወጣው የአንዲት ተሳታፊ ቃል እንዲነሣና ጽሑፉ ለደረጃ እድገቴ እንዳይያዝልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ፅዮን መላኩ በኮሌጁ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ መምህርትና ተመራማሪ ስሆን፣ በጅግጅጋ ተመድቤ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከዚህ በፊት ለጽ/ቤትዎ ያመለከትኩት ሁሉ ሥራዬ እንዲመዘገብልኝ ነበር። የአሁኑ አቤቱታዬ ከዚያ የተለየ በመሆኑ፣ ክቡርነትዎ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

1. በ2011 ዓ.ም. በክልላችን ሲቲ ዞን፣ ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ እናቶችን ስለ ሐዘናቸው አነጋግሬ ነበር። አስተርጓሚዬ ነርስ ሻሚስ ነበረች። ከእናቶቹ አንዷ ሦስት ጊዜ መጥታ ምንም ሳትናገር ተመለሰች። በአራተኛው፣ በሽሽቱ መንገድ ላይ ሴት ልጇ እንዴት እንደሞተች ነገረችን። ለባሏ የነገረችው ሌላ ነበር፤ እውነቱን ከሁለታችን በቀር የሰማ ሰው አልነበረም። ሻሚስ የስምምነት ቅጹን በሶማሊኛ ስታነብላት፣ ማንነቷ እንደማይታወቅ የሚገልጸው ላይ አስቆመቻትና «እርግጠኛ ናችሁ?» አለች። «አዎ» ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በአውራ ጣቷ ፈረመች።

2. ጽሑፉ በ2013 ዓ.ም. በአንድ የውጭ አገር መጽሔት ታተመ። ስሟን ቀይሬአለሁ። የከተማዋን ስም፣ መተዳደሪያዋን፣ የልጆቿን ቁጥርና የሟቿን ዕድሜ ግን እንዳለ ተውኩት። ለጽሑፉ ሕይወት የሚሰጠው እሱ መስሎኝ ነበር። ቃሏንም ሳላሳጥር አንድ ሙሉ አንቀጽ አድርጌ አስገባሁት። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ጽሑፉ እስካሁን በሰባ ሦስት ጥናቶች ተጠቅሷል። ሰሞኑን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። አርባ አንዱ የወሰዱት የእሷን አንቀጽ ነው። የእኔን ትንታኔ የጠቀሱት ጥቂት ናቸው።

3. ባለፈው ጥር አንድ የእርዳታ ድርጅት ያንኑ አንቀጽ ከነዚህ ጥናቶች ከአንዱ ወስዶ፣ በሶማሊኛ አስተርጉሞ፣ ለጤና ሠራተኞች በተሰጠ ስልጠና ላይ አስነበበው። ከሰልጣኞቹ መካከል የባሏ እኅት ነበረች። ሻሚስ ደወለችልኝና «ፅዮን፣ ያቺ ሴት ታወቀች» አለችኝ። የትኛዋ ብዬ አልጠየቅኩም።

4. በሳምንቱ አብረን ሄድን። ባሏ ፈትቷት ልጆቹን ይዞ ሄዷል። እሷን አክስቷ ቤት ተጠግታ አገኘናት። ትጮህብኛለች ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ምንጣፍ አነጠፈችልን፤ ውኃም አቀረበችልን። ከተቀመጥን በኋላ «ስሜን አልጻፍሽም፤ ግን እኔው ነኝ» አለችኝ። ቀጥላም «ስንት ሰው አንብቦታል?» ስትል ጠየቀችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ጽሑፉ የተነበበበትንና የተጠቀሰበትን ቁጥር በየማለዳው ኮምፒውተር ከፍቼ የማይ ሰው ነኝ። አንድ በጨመረ ቁጥር ለባልደረቦቼ እነግር ነበር። «አላውቅም» አልኳት። ሻሚስ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ያልኩትን ተረጎመችላት።

«አጥፊልኝ» አለችኝ። ሌላ የጠየቀችኝ ነገር የለም።

5. ለመጽሔቱ አዘጋጆች ሁለት ጊዜ ጽፌላቸው፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ከተመራማሪው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ መቅረብ እንዳለበት መልሰውልኛል። ወደ ክቡርነትዎ ያመጣኝም ይኸው ነው።

ስለሆነም፦

ሀ) አንቀጹ ከጽሑፉ እንዲነሣ ለመጽሔቱ በኮሌጁ ስም ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ፤

ለ) ጽሑፉ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ካቀረብኩት ማህደር እንዲወጣ፤ እድገቱ በዚህ ምክንያት ቢቀርም ቅሬታ የለኝም፤

ሐ) በሰኔው የምርምር ቀን «ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ» በሚል የተዘጋጀልኝ የምስክር ወረቀት እንዲቀር፣ ስሜም በመድረክ እንዳይጠራ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሻሚስ ያነበበችላት እኔ የጻፍኩትን ነው፤ በእሷ ላይ ምንም ጥያቄ እንዳይነሣባት አደራ እላለሁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ቢጠራኝ ቀርቤ እመልሳለሁ። አንቀጹ ከመጽሔቱ ቢነሣም በአርባ አንዱ ጥናቶች ውስጥ እንደሚቀር አውቃለሁ። ለጸሐፊዎቹ በየስማቸው መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ እስከ ትናንት ስድስቱ መልሰውልኛል። ልጆቿ ግን አሁንም አባታቸው ዘንድ ናቸው። ስለ እነሱ ለማን እንደሚጻፍ አላውቅም።

የክቡርነትዎን ውሳኔ በአክብሮት እየጠበቅኩ፣

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ፅዮን መላኩ

ማስታወሻ፦ ይህ አቤቱታ ከመግባቱ በፊት ሻሚስ ለባለታሪኳ በሶማሊኛ አንብባላታለች። ሰምታ ስታበቃ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንዲወጡላት ጠየቀች፤ አውጥቼአቸዋለሁ።