ኮምፒውተሩ ፍሪጅ ውስጥ ነው

ቀውሴ፣

ፍሪጁን ስታይ እንዳትደነግጥ፤ ኮምፒውተራችን እዚያ ነው። ረፍዶብኝ ቆሜ ነው የምጽፍልህ።

ለምን በየመሃሉ ድርግም እንደሚል ታወቀ። ጠጋኙ መጥቶ አየውና "ታፍኖ ነው" አለኝ። እናትህ የሠሩለትን ሹራብ እንደለበሰ ነዋ የሚሠራው! አንተ ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት እያልክ ቁልፉን እስከ አንገቱ ትቆልፍለታለህ።

ባለፈው ሳወልቅበት ሳምንት ሙሉ አኩርፈኸኛል። ስለዚህ ከነሹራቡ ፍሪጅ አስገባሁት።
ገመዱ እንዳይቆረጥ በሩን አትዝጋው።
ቦታ ስለጠበበ እንቁላሎቹን አልጋህ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፤ ቀስ ብለህ ተቀመጥ።
ወተቱ ከተበላሸ ይቅርታ።

እናትህም የኮምፒውተሩን ደኅንነት ሊጠይቁ ደውለው ነበር። እውነቱን ልነግራቸው ብዬ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ "ትንሽ አሞታል" አልኳቸው።

"ብርድ መትቶት ነው" ብለው ኮፍያ ጀምረውለታል።