የሦስት ዓመት ቡድን

ይድረስ ለጋሼ አድማሴ፤ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፣ እዚሁ ሮተርዳም ሻርሎይስ ሰፈር ነኝ።

የማሠለጥነው የሴቶች ቤዝቦል ቡድን አምና ከሁሉ መጨረሻ ወጣ። ትልልቆቹ ለትምህርት ሄደዋል፤ በልጆች እንደ አዲስ ልገነባው ቆርጫለሁ። የሰፈሩ ክለቦች አዳዲስ ልጆችን በየተራ እንመርጣለን፤ ቅድሚያው መጨረሻ ለወጣው ነው። የቤታችን ይሉኝታ መች ይለቀኛል፣ ተራዬ ሲደርስ «ኧረ እናንተ ቅደሙ!» አልኳቸው። ሆላንድ መግደርደር አያውቅ፣ አመስግነው ምርጧን ኳስ ወርዋሪ ወሰዷት!

ለእኔ የጎረቤቴ የጀውሃራ ልጅ ሱሀይላ ደረሰችኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ኳስ ቢመታት አቧራዋን አራግፋ ተመልሳ ትቆማለች። በሦስት ዓመት ዋንጫ እንበላለን፤ ብላ ነበር ይበሉኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታል ቀጠሮ ስላለኝ ልምምዱን ወደ ረቡዕ አዙሬዋለሁ። የማውቀውን ሁሉ በደብተር ጽፌ ለሱሀይላ ሰጠኋት። ኮፍያዬም ከሕክምናው ወዲህ ሰፍቶኝ ስለሚወልቅ እሷው ታድርገው ብያለሁ። የቡድኑ ዕቃ መጋዘን ቁልፍ እናቷ ዘንድ ነው።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ለዋንጫው ጨዋታ ግን እንዳይቀሩ። ከባቡር ጣቢያ ልጆቹ ይቀበሉዎታል፤ ፎቶዎን አሳይቻቸዋለሁ።

እህትዎ ብዙወርቅ