የስንዱ ጥፍርና የአፋሩ ግመል

ጥር 14 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ጧት 3 ሰዓት

ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማው ንገር! በቆቦ ከተማ፣ ከመኪናው መንገድ በላይ፣ በእኔ በአባ ተሰማ ግቢ፣ የልጅ ልጄ የስንዱ አሥር ጥፍሮች ዛሬ ቀልተዋል። አዋጁ ይኸው ነው። ነጋሪት የሚጎስም ስለጠፋ በአንተ በደብተሬ አስነግሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንዱ እዚሁ ት/ቤት አስተማሪ ናት፤ ሰሞኑን ት/ቤቱ ዕረፍት ነው። ከደሴ ጓደኛዋ በአውቶቡስ የላከችላት ጣት የምታህል ብልቃጥ አለች። ውስጧ ቀይ የጥፍር ቀለም። ክዳኗ ላይ ትንሽ ብሩሽ። ብልቃጧ የቆየች ሳትሆን አትቀርም፤ ቀለሙ እንደ ማር ወፍሯል። ስንዱ ትቀባና በረንዳው ላይ እጇን ዘርግታ ትቀመጣለች፣ የማሽላ ማሳ ማስፈራሪያ መስላ። ምን ሆነሽ? እላለሁ።

«እስኪደርቅ ነው አባባ። አይንኩኝ።»

ነካሁት። ለማጣራት ያህል። አውራ ጣቴ ቀላ። በእሷ ጥፍር ላይ የእኔ አሻራ ወጣ። በምን ላይ አስፈረምሽኝ ልጄ፣ ርስቴን ሸጥኩ እንዴ? አልኳት። አልሳቀችም።

ግራ ገባኝ። ይቺ ልጅ በእኔ ቀልድ ሳትስቅ የቀረችው ወባ የያዛት ጊዜ ብቻ ነው።

ያው ቀን፣ 10 ሰዓት

ዛሬ ሦስት ጊዜ ቀባች፣ ሦስት ጊዜ ተበላሸ። አንዴ ነጠላዋ ነካው፣ አንዴ ዝንብ አረፈበት፣ አንዴ እኔ። ለምን ትቸኩያለሽ? ብሩሹን እንደገና ነከረች።

በዚህ ጊዜ እውቀቴን አወጣሁ። ሴቶች እንሶስላ ሲሞቁ ስንቴ አይቻለሁ። ይወቅጡታል፣ ጣታቸው ላይ ይለጥፉታል፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልለው በክር ያስሩታል። ሲፈቱት ቀይ! ቀለም ያው ቀለም ነው ብዬ አሥሩንም ጣቷን በጉሎ ቅጠል ጠቀለልኩ። እምቢ ማለት ነበረባት፤ አላለችም። ይህም ግራ አጋባኝ።

ባለቤቴ የሺ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ የልጅቷን ጣት እንደ ቅቤ በቅጠል ጠቀለልከው? ገበያ ልታወጣት ነው?»

ከምሳ በኋላ ፈታነው። ቀለሙ ከጥፍሯ ለቆ ወደ ቅጠሉ ተዛውሯል። የቀረውም የቅጠሉን ጅማት ይዞ ቀርቷል። ለካ እንሶስላ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ይሄኛው ግን ከላይ ነው የሚጋገረው፤ አየር ይፈልጋል። ማን ነገረኝ? ማንም። ስንዱ ይኸው እስካሁን በምላጭ ትፍቃለች። ብልቃጧ ግማሽ ደርሳለች።

ጥር 15፣ ዓርብ፣ ጧት

ደብተሬ፣ አንድ ነገር አየሁ። ስትቀባ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከቀኝ እጇ ሌባ ጣት ነው። እሱን ሦስቴ ትደርበዋለች። ይህ ጥፍር ሌላ ነው፤ የጠቆረ፣ የወፈረ፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ።

ግመል ነክሷት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች የአፋር ጨው ነጋዴዎች በደጃችን ሲያልፉ ለአንዱ ግመል ቂጣ ላጉርስህ አለች። ነጭ ግመል፣ አንድ ዓይና። ጥፍሯን ቀጨም! የግመሉ ባለቤት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ይህን መቶ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ስንዱ እስካሁን ግመል ካየች መንገድ ትቀይራለች።

ያው ቀን፣ ማታ 2 ሰዓት

የሚያደርቅ ነፋስ ነው። ነፋስ ያለው አውድማ ነው። ይህን ያህል ቀላል! ብልቃጧን አስይዤ ወደ ጎረቤቴ ወደ አያ ይማም አውድማ ወሰድኳት። እሱ ማሽላውን በላይዳ ወደ ላይ ይበትናል፤ ነፋሱም ደህና። እዚያው ተቀባች። ነፋሱ በደንብ እንዲያገኛት ከይማም በታች፣ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል አቆምኳት።

እብቁ ወዴት እንደሚሄድ አላሰብኩም። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ አውድማ አይቻለሁ፣ ዛሬ ግን አላሰብኩም። አሥሩም ጥፍሯ እብቅ ለበሰ። አያ ይማም ላይዳውን ጥሎ ሆዱን ያዘ።

«ወላሂ አባ ተሰማ፣ ጥፍር ላይ ማሽላ የዘራ ገበሬ ገና ዛሬ አየሁ!»

ሳቅሁ። በጣም ሳቅሁ። ዞር ስል ስንዱ ታለቅሳለች።

መንገድ ላይ ነገረችኝ። እሑድ የሚያጫት የዋጃ ከተማ ልጅ እናት ከሽማግሌዎች ጋር ይመጣሉ። ሽማግሌ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ የልጁም ነገር አዲስ አይደለም፤ አበራ ይባላል፣ አብሯት ያስተምራል፣ ትወደዋለች። የማላውቀው ሌላ ነው። እናቱ ስለ ጥፍሯ ሰምተዋል። በዘር የሚወርድ ደዌ እንዳይሆን ብለው ፈርተዋል፤ ከሆነ ልጄን አልሰጥም ብለዋል። አበራ የግመሉን ታሪክ ነገራቸው። መልሳቸው፦ ግመል ሲነክስ ክንድ ይዞ ይሄዳል እንጂ አንዲት ጥፍር መርጦ ይነክሳል ወይ?

እሑድ ደግሞ እንግዶቹን የምታስታጥበው ስንዱ ናት። በቀኝ እጇ ማንቆርቆሪያውን ይዛ፣ እጃቸው ላይ ውሃ እያፈሰሰች፣ ከዓይናቸው ሥር። ለዚህ ነው ቀለሙ። ለዚህ ነው ጥድፊያው።

እራት አልበላልኝ አለ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ፣ ቀትር

ደረቀ! እኔ ግን አይደለሁም ያደረቅኩት። የሺ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ የእኔን ጥበብ ታዝባ፣ ዛሬ ጧት ፀሐይ ሳይበረታ ስንዱን እንስራው አጠገብ አስቀመጠቻት። ስስ አድርጊው አለቻት፣ እንደ ምርጊት አትደርቢው። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። ከዚያ ጥላ ውስጥ ያደረውን የእንስራ ውሃ በጣባ ቀድታ እጇን አስነከረቻት። ቅዝቃዜው ቀለሙን እንደ ቅቤ አረጋው። እኔን በረንዳ ላይ አስቀመጡኝ፣ እጄን እንድሰበስብ በሚል ትእዛዝ።

ስታወጣው የብርሌ አንገት ይመስል ያበራል። በጣቴ ነካሁት፣ ተፈቅዶልኝ። ጠንካራ።

ግን ደብተሬ፣ ቀለሙ ጥቁረቱን ሸፈነ፣ ጠማማነቱን አልሸፈነም። ቀድሞ ጥቁር የበግ ቀንድ ነበር፤ አሁን ቀይ የበግ ቀንድ ሆነ። ከሩቅ ይጣራል። ሦስታችንም አየነው። በኋላ ስንዱ፦

«አባባ፣ የግመሉን ነገር እርስዎ ራስዎ ይንገሩልኝ። እርስዎ ሲናገሩት ሰው ያምናል።»

እሺ አልኳት። ምን ልበል? እሺ ስል አፌ ደረቀ። ከቀለሙ ፈጥኖ።

ጥር 17፣ እሑድ፣ 4 ሰዓት

የሺና ስንዱ ጓዳ ናቸው። የዋጃው አውቶቡስ ገና ጡሩንባውን አላሰማም። ሲመጡ ምን እንደምል ስለማመድ አደርኩ፤ ግመሉን ቡላ ላድርገው፣ ወይስ አፉን ታስሮ ነበር ልበል? ሴትዮዋ ግን ግመል ያውቃሉ።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ማንቆርቆሪያው ሲነሳ፣ ውሃው እጃቸው ላይ ሲወርድ፣ ተነስቼ እናገራለሁ። ስንዱ እየሰማች። ከዚያ በኋላ ልታኮርፈኝ ትችላለች፣ ታኩርፈኝ። ከሌሎቹ በፊት ግን ለአንተ፦

ግመል አልነበረም። ነጭም፣ ቡላም፣ አንድ ዓይናም። ሳጥኔ ነው። ስኳር ደብቄበት ነበር። ልጅቷ እጇን ስትሰድ ላስደነግጣት ብዬ ክዳኑን ለቀቅኩት፤ ከመውደቁ በፊት ልይዘው ነበር። እንደ ቀልድ። አልያዝኩትም። የሺ ቤ/ክ ነበረች፣ እስክትመለስ ድረስ ግመሉ ተፈጥሮ፣ ቂጣ በልቶ፣ ወደ አፋር ሄዷል። ልጅቷን እያባበልኩ ስነግራት እሷም አመነች።

የፈጠርኩት ግመሉን ነው፣ ደብተሬ። ቁጭ ብሎ ያለቀሰውን ሰውዬ ግን አልፈጠርኩትም።