ሳይታይ የተገዛው የእናትሽ ፍራሽ

ለተወደድሽው ልጄ ለዘርፉ ኃይለየሱስ፤ አሰብ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንድታውቂ እፈልጋለሁ፤ እናትሽ እንቅልፍ አግኝታለች። ይህን ካወቅሽ የቀረውን ተረጋግተሽ ማንበብ ትችያለሽ።

ልጄ፣ ጤናሽ እንደምን ነው? የአሰቡስ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ መርዳሳ ከወደብ ሥራው ጋር እንዴት ነው? ትንሹ ሰንበታስ ጥርሱ ወጥቶለት ማልቀሱን ተወ ወይ? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በጋዜጣ ማስታወቂያ አይተሽ ከአዲስ አበባ በደብዳቤ ያዘዝሽልን የስፖንጅ ፍራሽ በጥቅምት መጀመሪያ በአውቶቡስ ጣሪያ ፖርቶመጋላ ላይ ተጭኖ ደረሰን። ተጠቅልሎ በገመድ ስለታሰረ መናኸሪያ ላይ ያዩት ሁሉ ምንጣፍ መስሏቸው ነበር። አንቺም እኛም ሳናየው የተገዛ ስለሆነ፣ መርምሬ እውነቱን እንድጽፍልሽ አደራ ብለሽኛል። ሻጩም የተሸፈነበት ላስቲክ ካልተቀደደ እስከ አንድ ወር ድረስ መልሼ እቀበላለሁ ብሎ ከዕቃው ጋር ጽፎ ልኳል። ስለዚህ ላስቲኩን ሳላወልቅ ልፈትነው ወሰንኩ።

እናትሽም ተስማማች። የእሷ ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ ጠያቂ ሲመጣ አዲስነቱ እንዲታይላት ነው። የወገቧን ነገር ታውቂያለሽ። የጭድ ፍራሻችን መሐሉ ከጎደጎደ ወዲህ ስትገላበጥ አድራ ጠዋት ግድግዳ ይዛ ነበር የምትነሳው። ሐኪሙም የማይሰረጉድ መኝታ ካላገኘች እየባሰባት እንደሚሄድ ነግሮናል።

ላስቲኩ ላይ አንሶላ አንጥፈንላት ተኛች። የናዝሬትን ሙቀት መቼም አትረሺውም፤ በላብ ተነክራ አደረች። አንሶላው እየተንሸራተተ ግርጌ ይሰበሰባል፤ በተገላበጠች ቁጥር ላስቲኩ ስለሚንኮሻኮሽ እኔም እንቅልፍ አላገኘሁም። ጥቂት ቀን ታግሳ ፍራሹን ተወችውና መሬት ላይ ሰሌን አንጥፋ መተኛት ጀመረች። እኔም፣ ይሞቃል፣ ያንሸራትታል፣ ይጮኻል፣ ለበሽተኛ አይስማማም ብዬ ፈረድኩ። ልመልሰውም ገመዱን አዘጋጀሁ።

ገመዱን ይዤ ሳለሁ ጎረቤታችን ጉዲቱ እናትሽን ልትጠይቅ መጣች። ፍራሹን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና፣ ጋሼ፣ ጫማ ሲገዙም ከነካርቶኑ ነው እንዴ የሚለኩት? አለችኝ። እናትሽ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስም፣ ጉዲቱ፣ እስቲ ያን ቢላዋ አቀብዪኝ አለች። ከተቀደደ እንደማይመለስ ባስረዳት፣ አንተ ሰውዬ፣ ልጄ የላከችልኝን ማን መልስ አለህ? ብላ ላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀችው። የምከራከርበት ጊዜ እንኳ አልሰጠችኝም።

በማግስቱ ፀሐይዋ ግቢውን ሞልታው እናትሽ አልነቃችም። ደንግጬ ጎንበስ ብዬ ትንፋሿን አዳመጥኩ። ተኝታለች። ለስንት ወር ያላየሁት እንቅልፍ ስለነበር በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።

አሁን ወደ ፍርዴ ልመለስ። መሰርጎዱን ለማወቅ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሲባጎ ወጥሬ መሐሉን ለካሁ፤ እናትሽ ከተነሳች በኋላ ቁርስ ሳይቀርብ ወደ ቦታው ይመለሳል። በእጄ ተጭኜ ስለቀው የጣቶቼ ምልክት አይቀርበትም። አንዱ ጥግ ላይ ስፌቱ ላላ ብሎ ነበር፤ እናትሽ በወስፌ አጠበቀችው። ሙቀቱን እንዲቀንስልን ወፍራም አቡጀዲ አልብሰነዋል፤ በየሳምንቱም ራስጌውን ወደ ግርጌ አዞረዋለሁ። ለእናትሽ ይስማማል ብዬ ሳልጠራጠር እጽፍልሻለሁ። ይበረክታል ወይ ላልሽው ግን አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳያይ አልፈርድም። አንቺን ደስ ለማሰኘት ብዬ ያልፈተንኩትን አልመሰክርም።

ያየሁትን ግን እመሰክራለሁ። እናትሽ ባለፈው እሑድ ያለ ከዘራ ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመለሰች፤ ከመጣችም በኋላ እንደ ቀድሞው ጎንበስ ብላ ጫማዋን ራሷ ፈታች። ልጄ፣ ይህን ሳይ ቆሜ መረቅኩሽ። የእናትሽን ሕመም እንዳቀለልሽላት የአንቺንም ሸክም እግዚአብሔር ያቅልልሽ።

ለመርዳሳ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ሰንበታን እናትሽ ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ ብላለች። ጉዲቱም አካም ጅርታ ትልሻለች፤ ስለ ካርቶኑ እንድጽፍልሽ ያዘዘችኝም እሷው ናት።

አንድ ነገር ቀርቶናል። የአሰብ መስመር ሾፌሩ አብደላ በዚህ ሲያልፍ ቤታችሁ ገብቶ ሻይ እንደጠጣ አጫወተን። እናትሽ፣ ልጄ ምን ላይ ነው የምትተኛው? ብላ ብትጠይቀው ግን ወሬውን ወደ መንገዱ አዞረባት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ፍራሹን እየዳሰሰች ይህንኑ ትጠይቀኛለች። በደብዳቤሽ ስለ እኛ መኝታ ሁሉን ጠይቀሻል፤ ስለ ራስሽ አንድ ቃል የለበትም። ስለዚህ ይህ እንደደረሰሽ ሳትውዪ ሳታድሪ መልስ ጻፊልን፤ አንቺ የምትተኚው ምን ላይ ነው?

አባትሽ ኃይለየሱስ
ናዝሬት፣ ኅዳር 14 ቀን 1973 ዓ.ም.