የጫማ ጥርሴን ለወረሱት ለክቡር ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ አቶ ጎሹ
የኮረብታው ታውንሃውስ የቤት ባለቤቶች ማኅበር (ኤችኦኤ) ሊቀመንበር
ታከር፣ ጆርጂያ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ቁርጭምጭሚትዎ ደኅና ናቸው? ያ ሁሉ በረዶ አልፎ፣ የላይኛው ረድፍ ነዋሪ ግማሹ እያነከሰ፣ እርስዎን ቀጥ ብለው ሲራመዱ ሳይ የሚሰማኝ ደስታ ወሰን የለውም። ለማኅበሩ ሲል ጤናውን እንዲህ የሚጠብቅ ሊቀመንበር የሰጠን ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን።

እኔ ከላይኛው ረድፍ የምኖረው፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም የምሠራው እታገኝ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ፣ ቅሬታ ያለው ሰው በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ድምፁን እየቀዳ ከመጮህ ይልቅ በጨዋ አማርኛ ጽፎ እንዲያቀርብ ስላሳሰቡን፣ ምክርዎን ተቀብዬ ይኸው ጽፌያለሁ። ብቻዎን ሲያነቡት እንዳይደክሙም ሌላው ሰው ያግዝዎት ብዬ፣ ዶራቪል ከምንገበያይበት ሱቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ቅጂ ለጥፌአለሁ። ባለሱቁ ከስጋ ዋጋው አጠገብ ጥሩ ቦታ ሰጥቶኛል።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሰሞኑን በራፌ ላይ የለጠፉልኝ የቫዮሌሽን ኖቲስ፣ የደንብ ጥሰት ማስታወቂያ፣ ነው። «በስለታም ብረት የጋራ ደረጃን ሆን ብሎ መቧጨር» ይላል። ለጎረቤቴ ለአንዷለም፣ ለዚያ ሂተር ጠጋኝ፣ ተመሳሳዩ ደርሶታል። ኖቲሱ ስለ ደረጃው በቂ ፎቶ ቢኖረውም፣ ደረጃው በተቧጨረበት ቀን ስለነበሩት ሰዎች አንድ ቃል ስለሌለው፣ የጎደለውን ለመሙላት በትሕትና እሞክራለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ደረጃው አመሰግናለሁ። ከላይኛው ረድፍ ወደ ፓርኪንጉና ወደ ኦፊሱ የሚወርደው ያ ረጅም ደረጃ፣ ቀድሞ ሻካራ ሲሚንቶ ስለነበር የግቢያችንን ገጽታ ያበላሽ ነበር። እርስዎ ግን በመኸር ወራት የሚያብረቀርቅ ግራጫ ኮቲንግ አስቀቡት፤ ፊታችን እስኪታየን ድረስ አማረ። ዝናብ ሲነካው እንደሚያንሸራትት በነገርንዎት ጊዜ፣ ቀስ ብለን እንድንራመድ የሰጡን ምክር እስካሁን በጆሮዬ አለ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጫማ ጥርሴ። ታሪኩን ለማያውቁ አንባቢዎች ልግለጸው። ከጫማ በላይ የሚጠለቅ ቀይ ላስቲክ ነው፤ ከሥሩ ሰንሰለትና ትናንሽ የብረት ጥርሶች አሉት፤ በረዶውን ነክሶ ይይዛል፤ ከበረዶው ሲወጡ ወልቆ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። የላከችልኝ አያንቱ የምትባል የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ አሁን ሚኒሶታ ትኖራለች። ባለፈው ዊንተር ወድቄ እጄ መሰበሩን ስትሰማ፣ «እናንተ አትላንታዎች በረዶ መጣ ሲባል ዳቦና ወተት ለመግዛት ትሮጣላችሁ፤ እግራችሁን የሚያስብለት የለም» ብላ ስቃብኝ፣ ወዲያው በፖስታ ላከችልኝ።

አንድ ውርጭ የጣለበት ጠዋት አድርጌው ወደ ሥራ ስወርድ ከደረጃው ግርጌ ጠበቁኝ። «ወይዘሮ እታገኝ፣ ይሄ ነገር ኮቲንጉን ይቧጭረዋል፤ ፖሊሲያችን አይፈቅድም። ኦፊስ ይቀመጥልዎትና ሲቸግርዎት መጥተው ይወስዳሉ» አሉኝ። እኔም ሊቀመንበር አክባሪ ስለሆንኩ አውልቄ ሰጠሁዎት። ኦፊሱ ከኮረብታው ሥር፣ እኔ ከኮረብታው አናት መሆናችንን ያን ጊዜ አላሰብኩትም። በረዶ ሲመጣ የጫማ ጥርሴን ለመውሰድ የጫማ ጥርሴን ማድረግ ያስፈልገኝ ነበር።

በረዶውም መጣ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ በወደቀበት ሁሉ እየረጋ፣ ስንነሣ ግቢው በመስተዋት ተለብጦ ነበር። የጥድ ቅርንጫፎች እየተገነጠሉ ጣሪያ ላይ ይወድቃሉ። መብራት ጠፋ። በሬን ከፍቼ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ ሳደርግ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ሄደ፤ የመደገፊያውን ብረት ብይዝ እሱም በረዶ ነው። በቂጤ ተንፏቅቄ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አንዷለም በመኪና መንገዱ ልውረድ ብሎ ቫኑን ቢያስነሣ፣ ቫኑ ወደ ጎን ተንሸራቶ ፖስታ ሳጥኖቹን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሞከረም። ሁላችንም በየመስኮታችን ቆመን ታች ያለውን መንገድ እናያለን፤ ያ መንገድ ያለወትሮው በጣም ሩቅ ይመስል ነበር። ነርሲንግ ሆም ያለችው ጓደኛዬ የምተካት እኔ ስለነበርኩ ከሥራ ሳትወጣ ቀረች፤ ስትደውልልኝ ድምፅዋ በድካም ተሰባብሮ ነበር።

እንዲህ ቤቴ እንደ እስር ቤት በጠበበኝ ሰዓት ነበር እርስዎን ያየሁዎት። ከታች በኩል እጅዎን ኪስዎ ከትተው፣ አንዴም ሳይንገዳገዱ፣ በሜዳ ላይ እንደሚሄድ ሰው ይራመዱ ነበር። አደነቅሁዎት። ቀጥሎ እግርዎን አየሁ። ቀዩን ላስቲኬን ከሩቅ አወቅሁት።

መስኮቴን ከፍቼ፣ «አቶ ጎሹ! እሱ የኔ አይደለም ወይ?» ብዬ ጮህኩ።

ቀና ብለው በጨዋ ደንብ ሰላም አሉኝ። «ለኢንስፔክሽን ነው ወይዘሮ እታገኝ። የወደቀውን ዛፍ ለኢንሹራንስ ፎቶ እያነሣሁ ነው።»

«ሲጨርሱ እባክዎን ይመልሱልኝ። ጎረቤቴ ጋሽ ነጋ ለኩላሊታቸው የሚሄዱበት ዳያሊሲስ አምልጧቸዋል።»

«እሱማ ላያቢሊቲ አለው» አሉኝ። «ሰጥቼዎት ቢወድቁ ማኅበሩ ነው የሚጠየቀው። አሁን ሁሉም ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ነው የሚሻለው።» ይህን ብለው፣ ቤትዎ ሳይቀመጡ፣ ፎቶዎን እያነሡ ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር እየሰጠሁ ለመጻፍ እጄ እምቢ ስላለኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ጋሽ ነጋ የቀኝ ጎረቤቴ ናቸው። ብዙ ዘመን ኤርፖርት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ኩላሊታቸው ከከዳቸው ወዲህ በማሽን የሚኖሩ ሰው መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ልጃቸው ሲና ለአባቷ የቅርብ ፓርኪንግ እንዲሰጣቸው ስትለምንዎት ነግራዎታለች። ያን ሰሞን ሲና ብሩክሄቨን በምትሠራበት ሆቴል በረዶው አስቀርቷት ነበር። ቀጣዩም ዳያሊሲስ ባመለጣቸው ዕለት ደውላ፣ «እቴቴ፣ ዳዲ ስልክ ላይ እየተኮላተፈ ነው፤ ፕሊስ ቼክ አድርጊልኝ» አለችኝ። በረንዳዬንና በረንዳቸውን የሚለየውን ጥቂት መንገድ በአራት እግሬ ዳኽኩት።

ጋሽ ነጋ ብርድ ልብስ ተከናንበው ሶፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አብጧል፤ ትንፋሻቸው ያጥራል፤ ብርጭቆ ሊያነሡ ሲሉ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን እንዲህ የሆነ ሰው ሕክምና ሳያገኝ ሲውል ምን እንደሚሆን ሥራዬ ላይ አይቻለሁ። 911 ደወልኩ። አምቡላንሱ ዋናው መንገድ ድረስ መጣ፤ ኮረብታችንን ሊወጣ ቢሞክር ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ባለሙያዎቹ በእግር ሊወጡ ሞክረው ከመግቢያው ሳያልፉ ወደቁ። ሌላ መኪና እስኪመጣ ጠብቁ ተባልን።

ያን ጊዜ ነው ለእርስዎ የደወልኩት። የጫማ ጥርሱን ይዘው እንዲመጡልን፣ ካልሆነም ኦፊስ ከተቀመጠው ጨው ደረጃው ላይ እንዲበትኑልን ለመንኩዎት። «ጨው ኮቲንጉን ይበላዋል» አሉኝ። እኔ ሰውዬው እየሞቱ ነው ስልዎት፣ «ለዚህ 911 አለ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ስለ ፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ፤ ሳንጠብቅዎት ሥራ እንድንጀምር ረድቶናል።

አንዷለም አሮጌ የሥራ ቡትስ ሁለት ጥንድ አወጣ። አጫጭር ሹል የብረት ቪቴዎችን (ብሎኖችን) ከውስጥ ወደ ውጭ በድሪል ሶሉ ውስጥ አሳለፋቸው፤ ጫፋቸው ከሥር እንደ ጃርት ሾጠጠ፤ እግራችንን እንዳይወጋን ከውስጥ ምንጣፍ ቆርጦ አነጠፈበት። ከጓሮው የልጆቹን የፕላስቲክ መዋኛ ገንዳ አመጣ፤ ዳሩን በስቶ ገመድ አሰረበት።

ጋሽ ነጋ ገንዳውን ሲያዩ በዚያ አቅማቸው እንኳ ተቆጡ። «እኔ? በዚህ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ጋሼ፣ የሚያይ የለም፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቆልፎበታል» አልኳቸው። ባርኔጣቸውን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ። ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ገቡበት።

ገንዳው ከፊት፣ እኔና አንዷለም ከኋላ ገመድ ይዘን በዚያ በሚያብረቀርቀው ደረጃዎ ላይ መውረድ ጀመርን። ቪቴው በረዶውን ቀዶ ኮቲንጉን ሲነክስ የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያፋጭ ነበር። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ የሚያምር ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ግን ያ ተሰብሮ የነበረው እጄ ከዳኝ፤ ገመዱ አመለጠኝ። ገንዳው እየተንጓጓ ቁልቁል ወረደ። አንዷለም ገመዱን ሳይለቅ በጀርባው ተዘረጋና በሁለት እግሩ ደረጃውን እየቀደደ አቆመው። በኖቲሱ ፎቶ ላይ በቀይ ያከበቡት ረጅሙ ጭረት እሱ ነው።

ጋሽ ነጋ ወደ እኛ መዞር አልቻሉም። ባርኔጣቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ «ልጆቼ፣ አትልቀቁኝ» አሉ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከእሳቸው እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ገመዱን መልሼ ይዤ እጄ ላይ ጠመጠምኩት፤ ቆዳዬ ሲላጥ አልተሰማኝም። ግርጌ ደረስን፤ የአምቡላንሱ ልጆችም እየዳኹ ተቀበሉን።

አምቡላንሱ ሲሄድ እርስዎ ከኦፊሱ ወጡ። ለካ መስኮቱ ላይ ሆነው ያዩን ነበር። ወደ እኛ የሚመጡ መስሎኝ እንባዬን ጠራረግኩ። እርስዎ ግን በአጠገባችን አልፈው ደረጃው መሐል ድረስ ወጡና ጎንበስ ብለው ጭረቱን በጣትዎ ዳሰሱት። «ይሄ እኮ ገና አዲስ ነበር» አሉ።

አንዷለም ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። እኔ ግን ያሉበት ድረስ ወጥቼ፣ «ንብረቴን» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። መቼም ጨዋ ሰው ነዎት፤ የመደገፊያውን ብረት ይዘው ቀዩን ላስቲክ አንድ በአንድ አወለቁና ሰጡኝ። አመስግኜ መውጣት ጀመርኩ። ወዲያው ከኋላዬ ድምፅዎን ሰማሁ፦ «እታገኝ! እታገኝ፣ አትሂጂ!»

ዞር ስል ብረቱን አቅፈው፣ አንድ እግርዎ ወዲህ አንዱ ወዲያ እየሄደ፣ መውጣትም መውረድም አቅቶዎት አየሁ። ያን ያህል ዓመት «እርስዎ» ሲሉኝ ኖረው በዚያች ሰዓት «አንቺ» ስላሉኝ አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጎረቤት ያናገሩኝ ያን ዕለት ነው። ብቻ ቶሎ አልመለስኩም። ቆሜ አየሁዎት። ይህንንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ክንዱን ሰጥቶ ያወረደዎት አንዷለም ነው፤ በማግስቱ ኖቲስ የጻፉለት አንዷለም።

ጋሽ ነጋ ተርፈዋል። ልባቸው ሊቆም ጥቂት ቀርቶት እንደነበር ሐኪሙ ለሲና ነግሯታል። አሁን ቤታቸው ናቸው፤ ከእኔ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘን ነው የምንወርደው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። በኖቲሱ ላይ ደረጃው ወደ ነበረበት እንዲመለስ አዝዘዋል። እባክዎን አይመልሱት። በረዶው ከቀለጠ ወዲህ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ዘንቧል፤ ከላይኛው ረድፍ የወደቀ ሰው የለም። ሰዎች ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ፤ እግራቸውን የሚያሳርፉት ጭረቶቹ ላይ ነው። ጋሽ ነጋም ረጅሙን ጭረት በከዘራቸው ፈልገው ያገኙትና ያን ጊዜ ብቻ ክንዴን ለቀቅ ያደርጉታል። ደረጃዎ ጥፋት የሚሉት ነገር ቢኖርበት፣ ጭረቱ ማነሱ ነው። ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ ለሊቀመንበርነት ስወዳደርም በዚሁ በጨዋ አማርኛ እደግመዋለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ጽኑ ጉልበትና የማያንሸራትት መንገድ ከልብ እየተመኘሁ፣ ቤቷ ተቀምጣ እንድትቆይ የመከሯት፣ ምክርዎን ያልሰማች፣ ባለመስማቷም ዘወትር የምትደሰት፣

ትሑት ጎረቤትዎ
እታገኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ፍቅርተ ባለፈው እሑድ ፓርኪንጉ ላይ አግኝተውኝ ይህ የጫማ ጥርስ ከየት እንደሚገዛ ጠየቁኝ፤ እዚያው ስልካቸው ላይ አብረን አዘዝን። ለሁለት ጥንድ ቅናሽ እንዳለው ባሳያቸውም፣ «የለም፣ የኔ እግር ቁጥር ብቻ ይበቃል» ብለዋል።