የታጣፊው ስልክና የማስተዋል እጆች

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የስልኩ ስክሪን ግማሹ ጠቆረ። ከላይ የማስተዋል ግንባርና ዓይን ይታያል፤ ከማጠፊያው በታች ጨለማ። እጆቿ ያሉት ደግሞ ከታች ነው። እህቴ ያለ እጆቿ ድምፁ እንደተዘጋ ሬዲዮ ናት።

ዘረጋሁት፤ በራ። መልሼ አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት፤ ጠፋ። በታጠፈ ቁጥር ከውስጡ ቅጭ ቅጭ ይላል።

አባዬን ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ «እኔ ምን አውቄ» አሉ። ትንሽ ቆይተው አመኑ። «ሐሙስ ዕለት ዓውድማ ወስጄው ነበር። ባዝራዋ የወለደችውን ለማስተዋል ላሳያት ብዬ።» ስልኩን የገብስ ነዶ ላይ አቁመው፣ ውርንጭላዋን አንገቷን አቅፈው ካሜራው ፊት ቆመዋል። አጠገባቸው ገብስ ይወቃል። እብቁ ሁሉ ማጠፊያው ውስጥ ገብቷል።

ልቆጣ ነበር። ከውርንጭላዋ ጋር ተቃቅፈው ቆመው ታዩኝና ሳቄ መጣ።

ይህ ስልክ ከመምጣቱ በፊት እንዴት እንደነበርን ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። በእጅ ለሚያወራ ሰው ሁለት እጅ ያስፈልገዋል። ስልኩን ለመያዝ ደግሞ የሌላ ሰው እጅ። ያዡ ሁልጊዜ አባዬ ነበሩ። እኔ ከማስተዋል ጋር ሳወራ እሳቸው ስልኩን ወደኔ አዙረው ይይዛሉ፤ የሚያዩት ጀርባውን ነው። ልጃቸው መሳቋን የሚያውቁት እኔ ስስቅ ነበር።

ዓምና ማስተዋል ከምታስተምርበት ከሐዋሳ ይህን ታጣፊ ስልክ ላከች። ያገለገለ ነው፣ ጠርዙ ተፍቋል። ግን መሃሉ ላይ ሲታጠፍ በራሱ ይቆማል፤ ታችኛው ግማሽ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፣ ላይኛው ግማሽ ካሜራውን ይዞ ቀና ይላል። አባዬ ያን ቀን ባዶ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር።

ትናንት ማስተዋልን ለጋብቻ የሚጠይቅ ሽማግሌ ከዳንግላ መጣብን። ልጁ አንዱዓለም ይባላል፤ አናጺ ነው፤ እሱም የሚሠራው ሐዋሳ ነው። ይሰማል፣ ይናገራል። የእጅ ቋንቋ የተማረው ለእሷ ብሎ ነው አሉ። አባዬ «ለሳምንት ኑ፤ ልጄን ሳልጠይቅ አልመልስም» ብለው ሸኟቸው። ማስተዋል ፈቃድ አላገኘችም፣ መምጣት አትችልም። ሽማግሌዎቹ እንደወጡ አባዬ ወደኔ ዞሩ። «እኔ ራሴ ነኝ የምጠይቃት። አንቺ አትጠይቂልኝም» አሉኝ።

የሚያሳስበኝ፦ ማጠፊያው። እዚህ ቆሰበር ያለው ኔትወርክ። ከዚያ ደግሞ አባዬ የሚያውቋቸው የእጅ ቃላት። ነይ፣ ብይ፣ ተኚ፣ ከብቱን መልሺ፣ ዝናብ መጣ። በነዚህ ስለ ትዳር እንዴት ይጠየቃል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ዛሬ ተዘርግቶም አልበራም። ጭራሽ ጨለመ።

ካሜራው ግን ነፍስ አለው። ማስተዋል ስትደውል ስልኩ ሲከፈት በራሱ ጥሪውን ያነሳል። እኛ ጥቁር መስታወት ላይ አፍጥጠን ቁጭ ብለናል። ወዲያው በእኔ ባለ ቁልፍ ስልክ ጽሑፍ መጣ፦ «አያችኋለሁ። ምን ሆናችሁ ነው እንደ ለቀስተኛ? አባዬ ለምን አልተላጨም?»

በቤታችን የእጅ ቋንቋ «አንተ» እንጂ «እርስዎ» የለም። አባዬን አንተ የምትላቸው በምድር ላይ እሷ ብቻ ናት፤ ስትጽፍም እንደዚያው ነው።

አነበብኩላቸው። አባዬ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጢማቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ ወደ ጨለማው «ብይ» አሏት፤ ጣቶቻቸውን ገጥመው ወደ አፍ። በጽሑፍ መለሰች፦ «በላሁ።»

ደስ አላቸው። ወዲያው ደግሞ ከፋቸው። «እሷ ታየኛለች፣ እኔ አላያትም። ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው?»

አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ «ስልኬን ላውስሽ» አለችኝ። ለአባዬ ነገርኳቸው። «የልጄን ትዳር በሰው ስልክ? አይሆንም» አሉ። ለመንኳቸው። እንቢ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ከሰዓት አስፈቅጄ በሚኒባስ ዳንግላ ሄድኩ። ገበያው አጠገብ ሞባይል የምትጠግን ልጅ አለች ብለውኝ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አንድ ዓይኗ ላይ ማጉያ መነጽር አድርጋ ስልኩን ከፈተችና፣ በብሩሽ ስትጠርገው እብቁ ጠረጴዛዋ ላይ ተራገፈ።

«እህቴ፣ ይሄ ስልክ ጎተራ ውስጥ ነው እንዴ የከረመው?»

«ዓውድማ።»

ስቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በማጠፊያው መሃል እንደ ወረቀት የሳሳ ሽቦ ያልፋል፤ ስልኩ በታጠፈ ቁጥር አብሮ ይታጠፋል። እብቁ እሱን ነው የበላው። ስክሪኑ መቀየር አለበት፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። «እሑድ ድረስ?» አልኳት። «በጭራሽ» አለች።

ለምን እሑድ እንደሆነ ነገርኳት። እንባዬ መጣ፣ አፈርኩ። እሷ ግን እኔን አላየችም፤ ስልኩን እያገላበጠች ነበር።

«ካሜራዎቹ ያሉት ላይኛው ክፍል ነው። የተበላው ሽቦ አይነካቸውም። እስቲ ቆይ።» አጠፈችውና፣ ሆዱን ወደ ውስጥ፣ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጋ እንደ ጎጆ ጣራ አቆመችው። ጀርባው ላይ ያሉት ሁለቱ ካሜራዎች ወደኔ አዩ። ከጎናቸው ያለችው ትንሽ ስክሪን በራች። ከክብሪት ቀፎ ብትበልጥ ትንሽ ነው። ስክሪኗ ውስጥ ራሴን አየሁት፤ ዓይኔ ቀልቷል።

«በዚህች ታወራላችሁ» አለችኝ። ስልክ ቁጥሯንም ጻፈችልኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ስልኩን እንደ ጫጩት በሁለት እጄ ይዤው መጣሁ። ይህን ካሜራ ያሰበው ሰው ራሳቸውን ፎቶ ስለሚያነሱ ወጣቶች ይሆናል ያሰበው። አባዬን ማን ያስባቸዋል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አልሆነም።

አባዬ ስክሪኗን ለማየት ሲጠጉ ካሜራው የሚያየው አፍንጫቸውን ብቻ ነው። እጃቸው እንዲታይ ወደኋላ ሲሉ ደግሞ ማስተዋል የጉንዳን ያህል ታክላለች። ሲጠጉ፣ ሲርቁ፣ ሲጠጉ። ጽሑፍ መጣ፦ «አፍንጫህ አምሮበታል። እጅህ የት ሄደ?» ሳነብላቸው አልሳቁም።

«ይህን ሁሉ ዓመት ልጄን ያወራኋት በአንቺ አፍ ነው። አንድ ቀን በእጄ ላውራት ብል ይኸው» አሉና ወደ ፈረሶቹ ወጡ።

ተሰማኝ። በእኔ አፍ ማውራታቸው ጥፋት ነው እንዴ? እማዬ ነፍሷን ይማርና ካረፈች ጀምሮ በሁለቱ መካከል ያለሁት እኔ ነኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ እዚህ ላይ ብቻ ልጽፈው አልኩና አላስቻለኝም። ወጥቼ ነገርኳቸው።

ማስተዋል አሥራ አራት ዓመቷ እያለ አንድ ቀን ለአባዬ እየነገረቻቸው እሳቸው ልጓም ይጠግኑ ነበር። በንዴት ወደኔ ዞረች። «ስናገር ለምን አያየኝም?» አለችኝ። አባዬ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ደክሞኛል ነው የምትለው» አልኳቸው። እንዳይጣሉ ብዬ ነው። ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን እንዲሁ አድርጌአለሁ። አሳጥሬአለሁ፤ አለስልሼአለሁ።

አባዬ የባዝራዋን ጋማ በጣታቸው ያበጥሩ ጀመር። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«እና እኔ ምን አልኩ?»

«‹ሄዳ ትተኛ› አሉ።»

ወደ ባዝራዋ ዞሩ። እኔም ገባሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ድል! በእረፍት ሰዓት ለዳንግላዋ ልጅ ደወልኩላት። አፍንጫውንም ጉንዳኑንም ነገርኳት። ሳቀችና «ካሜራው ሁለት ዓይን ነው ያለው። አንደኛው ሰፊ ነው፤ ተጠግተሽውም ክፍሉን በሙሉ ያያል። ወደሱ ቀይሪው» አለችኝ። የትኛውን እንደምነካ አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ሞከርነው። ስልኩን መደርደሪያው ላይ፣ በአባዬ ደረት ልክ አቆምኩት። እሳቸው በርጩማ ላይ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ታዩ! ፊታቸውም እጃቸውም። ሰፊው ዓይን ወደፊት የወጣውን ያገዝፋል መሰለኝ፤ እጃቸውን ሲዘረጉ መዳፋቸው አካፋ ያክላል፣ ራሳቸው ደግሞ ከኋላ የሎሚ ያህል ነው። ማስተዋል በሳቅ ወንበሯ ላይ ተንፈራፈረች። እሷም ብልህ ናት፤ ወደ ካሜራዋ ተጠጋችና ትንሿን ስክሪን በእጆቿና በፊቷ ብቻ ሞላቻት። አንድ አንድ ቃል፣ ቀስ እያለች።

«አየኋት» አሉ አባዬ። «ጣቷን አየሁ። ተቆርጧል እንዴ? ፋሻ አድርጋለች።»

እኔ አላየሁትም ነበር። ጠየቅናት፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ነው።

ስለ ትናንቱ ጉዳይ ሁለታችንም አላነሳንም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ነገ የሚያስፈልገኝ፦ ድንች መቀቀል። ሽሮ። ጾም ስለሆነ ሌላ ጣጣ የለውም። ወንበር ከጎረቤት። ስልኩን ቻርጅ ማድረግ፤ እንዳይረሳ፣ እንዳይረሳ።

አባዬ ተላጩ።

ጠዋት ውኃ ላቀርብ ወደ ጓሮ ስወጣ አየኋቸው። ባዝራዋ ፊት ቆመው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ወደ ዓይናቸው፣ ወደፊት፣ እንደገና። እሷ ገብሷን እያኘከች ታያቸዋለች። ከፈረሶች ጋር ሁልጊዜ በአገውኛ ነው የሚያወሩት፤ ዛሬ ግን ድምፅ የለም፣ እጅ ብቻ ነው። ሳያዩኝ ተመለስኩ።

በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው መጡ። «‹ማየት› በእጅ እንዴት ነው የሚባለው?»

አሳየኋቸው፤ ሁለት ጣት ከዓይን ወደፊት።

«እንደገመትኩት ነው» ብለው ሄዱ። ምን ሊሏት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ከሰዓት ኔትወርክ ጠፋ። እስካሁን የለም። እመቤቴ፣ ነገ ቀንሽ ነው፤ ኔትወርኩን መልሽልን።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ልጻፈው።

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ሞከርን። መጀመሪያ አልገባም። ሁለተኛው ተቆረጠ። በሦስተኛው ማስተዋል መጣች፤ ነጭ ነጠላ ለብሳ።

አባዬ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እኔን ከጎን ቁጭ በይ አሉኝ፤ ማየት እንድችል፣ ካሜራው ግን እንዳያየኝ።

ጀመሩ። ወደሷ ጠቆሙ። እጃቸውን አወዛወዙ፤ «ስትናገሪ» ነው። የመላጊያ ምልክት አሳዩ፤ አንዱዓለምን የምትጠራበት ስም ነው፣ እንጨት መላግ። ከዚያ ሁለት ጣት ከዓይን ወደፊት፣ ወደ እጆቿ።

ስትናገሪ ያይሻል?

ትወጂዋለሽ ወይ ይሏታል ብዬ ነበር። ወይም ጠባዩ እንዴት ነው። ማስተዋልም አልጠበቀችውም፤ እጆቿ አየር ላይ ቆሙ። ከዚያ መለሰች፤ ፈጥና፣ ቀስ ማለቱን ረስታ። አባዬ አልገባቸውም። ወደኔ ዞሩ።

እጆቼን ጭኖቼ ሥር ቀበርኳቸው። «ይጠይቋት» አልኩ።

ወደ ስክሪኑ ተመለሱና መዳፋቸውን ከፈቱ፦ እንደገና። ደገመችው፤ አሁን ቀስ ብላ። እኔ፣ ስናገር። እሱ፣ እየላገ። ከዚያ መላጊያውን እንደያዘች አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እጇን አነሳች። ሁለት ጣት ከዓይን ወደፊት።

«መላጊያውን ያስቀምጣል?» አሉ አባዬ በድምፅ። ከዚያ ትዝ ብሏቸው በእጃቸው ጠየቁ።

አዎ። እስክጨርስ ድረስ አያነሳውም።

አባዬ አሰቡ። ፀሐይ ከወዲያ ወደ ወዲህ ስትሄድ አሳዩ፤ ሥራው አይመሽበትም ወይ ማለታቸው ነው። ማስተዋል ሳቀች። ይመሽበታል። ባለ ዕቃዎቹ ይጮኹበታል። ብዙ ነው የማወራው።

አባዬም ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ። ከዚያ ደረታቸውን ነኩ፣ ዓይናቸውን ነኩ፣ እጃቸውን «የለም» ብለው አራገቡ። እኔ። አላይሽም ነበር።

ማስተዋል ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ኔትወርኩ ደርቆ እንደሆነ ፈራሁ። ከዚያ ጉንጯን በመዳፏ ዳበሰች፦ ተላጭተሃል።

እኔ ወጥቼ አለቀስኩ። ሽሮው ሊያርብኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከቀትር በኋላ መጡ፤ ሦስት ናቸው። አባዬ ብዙ አላስለመኗቸውም። «ልጄን ጠየቅኳት። እሺ ብላለች። እኔም እሺ ብያለሁ።» አንደኛው ሽማግሌ ልጅቷ እንደማትሰማ ያውቃሉና «በምን ጠየቋት?» አሉ። አባዬ መዳፋቸውን አሳዩ። «በዚህ።» ከገና በኋላ ቀን እንቆርጣለን ተባለ። ድንቹን አወደሱልኝ።

አሁን ሄደዋል። ገና ፀሐይ አለ። ደጅ ሰሃን ሳጥብ ስልኩ ጮኸ፤ አባዬ ከእኔ ቀድመው ገቡ። ዕቃው ከአዲስ አበባ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ያች ትንሽ ስክሪን ስንት ቀን እንደምትቆይልንም አላውቅም።

ሰሃኑን አስቀምጬ ልነሳ ነበር፤ የምትለው የሚገባቸው መስሎ አልታየኝም። ግን ማንም አልጠራኝም። ከውስጥ ቃል አይሰማም፤ አንድ ጊዜ በርጩማው ተንቋቋ፣ ከዚያ አባዬ ሳቁ።

በምን እንደሳቁ አላውቅም።