አሥር እርምጃ

የካቲት 9
ትምህርት ቤት። ከዚያ ውሃ መቅዳት። ከዚያ ችግኞቹን ማጠጣት... ሃያ ማንጎ። ወንድሜ የተሳፈረበት የጥጥ መኪና ተገልብጦ ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት አናታቸውን ቆርጦ፣ ጥሩ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ ያመጣውን ቀንበጥ ሰካባቸው፤ በፕላስቲክም አሰራቸው። ይያዙ ይሆን? አባዬ ቁርጡን ነግሮኛል፦ «ዝናብ ሲገባ ካልያዙ ይነቀላሉ። መሬቱ ለጥጥ ይፈለጋል።»

የካቲት 12
መምህሩ ጠየቀ፦ «ጥጥ ብቻ የምትሸጥ ትንሽ አገር የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ ምን ይውጣታል?» መልሱን እኮ አውቀዋለሁ። እራት ላይ ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ሰፈሩ ወንድሜን «ሚኒስትሩ» የሚለው በዚሁ ነበር። «ከጥጡ ጎን ማንጎ፣ ከማንጎው ጭማቂ፣ ከጭማቂው ፋብሪካ...» ሲል፣ አባዬ «ክቡር ሚኒስትር፣ መጀመሪያ አረሙን ንቀልልኝ» ይለዋል።
እጄን አላወጣሁም። መሃል ላይ እንባዬ ቢመጣስ?

የካቲት 15
አላስችል አለኝ። አንዱን ችግኝ ፈትቼ አየሁት። ከዚያ ሌላውን...

የካቲት 16
ስምንት ፈትቻለሁ። መልሼ አስሬያቸዋለሁ። ምን ነካኝ?

የካቲት 26
ስምንቱም ደረቁ። ዛሬ የወንድሜን ደብተር ገለጥኩ። በትልቁ ጽፎታል፦ «ቡቃያ ሳያወጣ እንዳይፈታ!» ቀድሜ ባነበው ምን ነበረበት? ግን የእጅ ጽሑፉን ማየት ፈርቼ...

የካቲት 27
ለአባዬ ነገርኩት።
«ለምን ፈታኸው?»
«በሕይወት መኖሩን ለማየት።»
ይመታኛል ብዬ ነበር።
«የቀሩትን አትንካ።» በቃ፣ ይህን ብቻ።

መጋቢት 14
ምንም። መቀመጥም መቆምም አልቻልኩም። እጄን ኪሴ ከትቼ እዞራቸዋለሁ።

መጋቢት 21
ቡቃያ! ጥፍር የምታህል፣ ቀላ ያለች። በሌሎቹም ላይ አለ። ከቀሩት አሥራ ሁለት ሰባቱ ይዘዋል። እናቴ እያንዳንዷን እየዞረች አየች። ገብታ በሩን ዘጋች።

ሰኔ 2
ዝናቡ ገባ። አባዬ የጥጥ ዘሩን ደጅ አስቀምጦ አካፋ ይዞ መጣ።
«ደብተሩ በስንት ርቀት ይተከሉ ይላል?»
«በአሥር እርምጃ።»
ቆጥሬ እንጨት ተከልኩ።
«ቆይ እስቲ። በማን እርምጃ? ያ ቀውላላ ነው እኮ የጻፈው።»
ከመነሻው ጀመረ። ትከሻውን ወደ ፊት ጣል፣ እግሩን ዘርጋ... ልክ እንደ ወንድሜ! ልብ ብሎ አላየውም የምለው አባዬ አካሄዱን ሁሉ ይዞታል። የእኔን እንጨት አልፎ ቆመ።
«እዚህ ነው የሚደርሰው» አለ ፊቱን ሳያዞር።
እዚያው ቆፈርን። ጥጡ ዘንድሮ ከማንጎዎቹ ወዲያ ይጀምራል።